ጆ ሚክ

ጆ ሚክ (የልደት ስሙ ሮበርት ጆርጅ ሚክ፤ ኤፕሪል 5 ቀን 1929 – ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1967 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ የድምፅ ባለሙያ፣ የሙዚቃ ፕሮዲዩሰርና የዘፈን ደራሲ ነበር። በሰሜን ለንደን ከአንድ የቆዳ ዕቃዎች መሸጫ ሱቅ በላይ በተከራየው መኖሪያ ቤት ውስጥ በገዛ እጁ ስቱዲዮ አቋቁሞ፣ በዘመኑ ከታላላቆቹ የሸክላ አሳታሚ ድርጅቶች ስቱዲዮዎች ጋር የሚፎካከሩ ዘፈኖችን በመቅረጽ ይታወቃል። በ1962 የቀረጸው «ቴልስታር» የተሰኘ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ፣ አንድ የብሪታንያ ባንድ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ የወጣበት የመጀመሪያው ሸክላ ነው። (በዚህ ገጽ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሚክ የሙዚቃ መሣሪያ መጫወትም ሆነ ኖታ መጻፍ አይችልም ነበር። ችሎታው በመሣሪያዎቹ ድምፅ ላይ ነበር። እያንዳንዱን መሣሪያ ከሌላው ለይቶ፣ ማይክሮፎን አስጠግቶ ይቀርጽና ለየብቻ ካስተካከለ በኋላ መልሶ ያዋህደው ነበር። ዛሬ በቤታቸው የሚቀርጹ ሙዚቀኞች የጊታር አምፕሊፋየርን ድምፅ በሚያፍን የእንጨት ሣጥን ውስጥ ከተው ለማግኘት የሚሞክሩትን መለያየት፣ እሱ በመኝታ ክፍል፣ በመታጠቢያ ቤትና በደረጃ ላይ ያገኘው ነበር። ይሁን እንጂ ድምፁ ከቤቱ እንዳይወጣ ማድረግ አልቻለም። ይህም ከአከራዮቹ ጋር ለዓመታት ለዘለቀ ግጭት ምክንያት ሆኗል።

የልጅነት ሕይወቱ

ሚክ የተወለደው በምዕራብ እንግሊዝ በግሎስተርሺር አውራጃ በምትገኘው ኒውንት በተባለች አነስተኛ የገበያ ከተማ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ አሮጌ ሬዲዮኖችን እየፈታ መልሶ መግጠም ይወድ ነበር። ወጣት ሳለ በአካባቢው ለሚታዩ የአማተር ቲያትሮች የድምፅ ማጀቢያ ያዘጋጅ ነበር። በጭፈራ ምሽቶችም ራሱ በገጣጠማቸው የድምፅ ማጉያዎች ሸክላ ያጫውት ነበር።

ከ1948 ጀምሮ ብሔራዊ የውትድርና ግዴታውን በብሪታንያ ንጉሣዊ አየር ኃይል ውስጥ በራዳር ቴክኒሻንነት ተወጣ። በዚያ ያገኘው የኤሌክትሮኒክስ ዕውቀት ለወደፊት ሥራው መሠረት ሆነው። ለጠፈር ያደረበት ፍላጎትም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ አብሮት ኖሯል። ከውትድርና መልስ በመካከለኛው እንግሊዝ የኤሌክትሪክ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። በዚያ እየሠራ በትርፍ ጊዜው የሸክላ መቅረጫ ማሽን አግኝቶ ድምፅ መቅረጽ ጀመረ።

ወደ ለንደን

በ1950ዎቹ አጋማሽ ሚክ ወደ ለንደን ሄዶ አይ ቢ ሲ በተባለው የግል ስቱዲዮ በድምፅ ባለሙያነት ተቀጠረ። ድርጅቱ ለሬዲዮ ሉክሰምበርግ ፕሮግራሞችን ያዘጋጅ፣ ለአሳታሚዎችም ዘፈን ይቀርጽ ነበር።

በዚያ ዘመን የነበረው የቀረጻ ደንብ ጥብቅ ነበር። ባንዱ በአንድ ሰፊ አዳራሽ ተሰብስቦ ይጫወታል። ማይክሮፎኖች ራቅ ብለው ይተከላሉ። የድምፅ ባለሙያው ተግባር አዳራሹ ውስጥ የተሰማውን ሳያዛባ በክር ላይ ማስቀመጥ ነበር። የድምፅ መጠን መለኪያው መርፌ ከቀዩ መስመር እንዲያልፍ አይፈቀድም። ሚክ ይህን ደንብ አልተቀበለም። ማይክሮፎኑን ከመሣሪያው አጠገብ ያደርጋል፣ ድምፁን በኮምፕሬሰር ይጨምቃል፣ ማሚቶ ይጨምራል። ሆነ ብሎም ድምፁን ያሻክራል።

የዚህ አሠራር ውጤት በ1956 በጃዝ ትራምፔት ተጫዋቹ ሃምፍሪ ሊተልተን «ባድ ፔኒ ብሉዝ» ላይ በግልጽ ታየ። ሚክ የፒያኖውን የታችኛውን ድምፅ ጎላ አድርጎና ጨምቆ ቀረጸው። ሊተልተን ሥራውን መጀመሪያ ሲሰማ አልተደሰተበትም። ሸክላው ግን በሽያጭ ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት ድምፃዊት አን ሼልተን «ሌይ ዳውን ዩር አርምስ» የተባለውን ዘፈን ስትቀርጽ፣ የወታደሮች ሰልፍ እርምጃ እንዲሰማ ሚክ በሣጥን ውስጥ ጠጠር ሲያንቀጫቅጭ ቀርጾ አስገባ። ዘፈኑ በብሪታንያ አንደኛ ወጣ።

ሚክ በዚህ ጊዜ ዘፈን መድረስም ጀምሮ ነበር። በብዕር ስም ከደረሳቸው ዘፈኖች አንዱን አሜሪካዊው ጊታሪስት ሌስ ፖልና ባለቤቱ ሜሪ ፎርድ በ1958 ተጫውተውታል። ሌስ ፖል በበኩሉ በመኖሪያ ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ድምፅ በድምፅ ላይ እየደረበ በመቅረጽ ቀደምት የነበረ ሰው ነው።

ከአይ ቢ ሲ ቀጥሎ ሚክ ከፕሮዲዩሰሩ ዴኒስ ፕረስተን ጋር በምዕራብ ለንደን የላንስዳውን ስቱዲዮን በማቋቋም ተሳተፈ። በቁጡነቱና ማንንም ባለማመኑ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር መስማማት አቃተው። በ1959 መጨረሻ አካባቢ ከላንስዳውን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ለሌላ ሰው ስቱዲዮ ተቀጥሮ አልሠራም።

ትራያምፍ ሬከርድስ

በ1960 መጀመሪያ ሚክ ከሌሎች ሸሪኮች ጋር ትራያምፍ ሬከርድስ የተባለ አነስተኛ የሸክላ አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ። ገንዘቡን ያቀረበው በአሻንጉሊት ንግድ የሚታወቅ ዊልፍሬድ ባንክስ የተባለ ጡረተኛ ሻለቃ ነበር። ድርጅቱ ያሳተመው የማይክል ኮክስ «አንጄላ ጆንስ» በብሪታንያ ሰባተኛ ደረጃ ደረሰ። ይሁንና ፈላጊው ሲበዛ ትንሹ ድርጅት በቂ ሸክላ አሳትሞ ለሱቆች ማድረስ አልቻለም።

በዚያው ዓመት ሚክ «አይ ሂር ኤ ኒው ወርልድ» የተባለ በጨረቃ ላይ ስላለ ሕይወት በሐሳቡ የፈጠረውን ሥራ ቀረጸ። የድምፅ ምንጮቹ የውኃ አረፋ፣ የተገለበጠ ክር፣ ፍጥነቱ የተቀየረ ድምፅና የመሳሰሉት ነበሩ። በወቅቱ ለገበያ የቀረበው ከፊሉ ብቻ ሲሆን፣ ሙሉው ሥራ የወጣው ሚክ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1991 ነው።

ትራያምፍ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ሚክና ባንክስ በምትኩ አር ጂ ኤም ሳውንድ የተባለ ኩባንያ መሠረቱ። ኩባንያው ሸክላ አያትምም። ሚክ ዘፈኑን በራሱ ቤት ቀርጾ ካጠናቀቀ በኋላ፣ የተዘጋጀውን ክር እንደ ዴካና ኢ ኤም አይ ላሉ ትልልቅ ድርጅቶች ያከራያል። ዘፋኙን የሚመርጠው፣ ዘፈኑን የሚቀርጸውና የክሩ ባለቤት የሚሆነው ራሱ ፕሮዲዩሰሩ ነው። ይህ አሠራር በወቅቱ በብሪታንያ እምብዛም ያልተለመደ ነበር።

ሆሎዌይ ሮድ 304

በ1960 ሚክ በኢዝሊንግተን፣ ሆሎዌይ በተባለው ጎዳና ቁጥር 304 የሆነውን ቤት ተከራየ። ቦታው አውቶቡስና የጭነት መኪና የማይለየው ዋና መንገድ ዳር ነው። ከታች የሼንተን ቤተሰብ የቆዳ ዕቃዎች ሱቅ ነበር። ከሱቁ በላይ ያሉት ሦስት ፎቆች ለሚክ መኖሪያም መሥሪያም ሆኑ። አከራዮቹም ሱቁን የሚያስተዳድሩት ሼንተኖች ነበሩ።

ሚክ አንዱን ክፍል ለሙዚቀኞች፣ ከጎኑ ያለውን ደግሞ ለመቆጣጠሪያ አደረገው። ግድግዳውን ድምፅ በሚመጥ ሰሌዳና በወፍራም መጋረጃ ሸፈነው። ወለሉ በሽቦ የተወረረ ስለነበር ለሙዚቀኞች መቆሚያ ቦታ ማግኘት ያስቸግር ነበር። ዋና የመቅረጫ መሣሪያዎቹ ሁለት ቴፕ ሪከርደሮች ሲሆኑ፣ አንደኛው ሁለት መስመር ያለው ሊሬክ፣ ሁለተኛው ባለ አንድ መስመር ኢ ኤም አይ ነበር። የቀሩትን ብዙዎቹን መሣሪያዎች ራሱ ሠራቸው ወይም ከሌላ ዕቃ ለውጦ አዘጋጃቸው። የሪቨርብ መሣሪያውን ለምሳሌ ከአገልግሎት ውጭ ከሆነ ዕቃ በተወሰደ ሞላ ነበር የሠራው። ድምፁ በሞላው ውስጥ ሲያልፍ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ጠባቡ ክፍል እንደ ሰፊ አዳራሽ እንዲሰማ ያደርጋል።

ቤቱ ምን እንደሚችል ያሳየው የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ በ1961 የተቀረጸው የጆን ሌይተን «ጆኒ ሪሜምበር ሚ» ነው። ዘፈኑን የደረሰው ጂኦፍ ጎዳርድ ነበር። ዘፋኙ ሌይተን በሳሎኑ ውስጥ ከመከለያ ጀርባ ቆመ። ሪትሙን የሚይዙት ሙዚቀኞች በዚያው ክፍል በሌላ በኩል ነበሩ። አጃቢ ድምፃውያን መታጠቢያ ቤት ገቡ፣ ቫዮሊን ተጫዋቾች ደረጃው ላይ ተቀመጡ፣ የናስ መሣሪያ ተጫዋቾች ደግሞ ሌላ ፎቅ ላይ ሆኑ። ዘፈኑ በብሪታንያ አንደኛ ወጣ።

የአሠራር ዘዴው

ሚክ ይህን ሁሉ ያደረገው ቦታ ስለጠበበው ብቻ አልነበረም። በአንድ ክፍል ድራም፣ የጊታር አምፕሊፋየርና ዘፋኝ አብረው ሲቀረጹ የአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ማይክሮፎን ሾልኮ ይገባል። ዘፋኙን ለማጉላት ማይክሮፎኑ ሲከፈት ድራሙም አብሮ ይጎላል። በጊታሩ ላይ ማሚቶ ሲጨመር ማሚቶው ዘፋኙንም ይነካል። ድምፆቹ አስቀድመው ካልተለያዩ ኋላ ለየብቻ ሊስተካከሉ አይችሉም።

መለያየቱን ለማግኘት ሚክ በርካታ መንገዶችን ተጠቀመ፦

- ማይክሮፎኑን ከድምፁ ምንጭ በጣም ያስጠጋ ነበር። ምንጩ ሲቀርብ ጎልቶ ስለሚሰማ ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣው ድምፅ በንጽጽር ያንሳል።
- ትልቁን ድራም የፊት ቆዳውን አንስቶ ውስጡ ብርድ ልብስ ይከታል፣ ማይክሮፎኑንም እዚያው ያስገባል።
- ቤዝ ጊታሩን አምፕሊፋየር ሳያስፈልገው በቀጥታ በሽቦ ወደ መቅረጫው ያገናኘዋል። በዚህ መንገድ የቤዙ ድምፅ ወደ ክፍሉ ስለማይወጣ ወደ ሌሎቹ ማይክሮፎኖች አይገባም።
- ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቅረጽ ካልተቻለ፣ የመጀመሪያውን ቀረጻ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው እየገለበጠ አዲስ ድምፅ ይደርብበታል።

የመጨረሻው ዘዴ ዋጋ የሚያስከፍል ነበር። ክሩ በተገለበጠ ቁጥር የሚያፏጭ የጀርባ ድምፅ ይጨመርበታል፣ ጥራቱም ይቀንሳል። አንድ ጊዜ የተዋሐደውን መልሶ መለየትም አይቻልም። ስለዚህ ሚክ የመጨረሻውን ውጤት ከመጀመሪያው በጆሮው መገመት ነበረበት። በርካታ ቀረጻዎቹ የሚያስገመግሙና የታፈጉ የሚመስሉት፣ አንዳንዶቹም ፍጥነታቸው ከፍ ያለው ከዚህ ሥራ የተነሣ ነው።

የጊታር አምፕሊፋየር በቤት ውስጥ ለሚቀርጽ ሰው ልዩ ችግር ይፈጥራል። ብዙ ጊታሪስቶች የሚወዱት የሻከረ ድምፅ የሚገኘው አምፕሊፋየሩ ከፍ ተደርጎ ሲከፈት ነው። ከፍ ሲል ደግሞ ጎረቤት ይረበሻል። በኋላ ዘመን የተለመደው አንዱ መፍትሔ ማፈኛ ሣጥን ነው። ድምፅ ማጉያው ከማይክሮፎን ጋር ከወፍራም ጣውላ በተሠራ ሣጥን ውስጥ ይዘጋል። የሣጥኑ ግድግዳ ድርብ ይሆናል፣ የመገጣጠሚያ ክፍተቶቹ ሁሉ በጎማ ይደፈናሉ፣ ሣጥኑም ንዝረቱ ወደ ወለል እንዳይተላለፍ ለስላሳ ነገር ላይ ይቀመጣል። አምፕሊፋየሩ ራሱ፣ በተለይም በቱቦ የሚሠራ ከሆነ፣ በሙቀት እንዳይጎዳ ከሣጥኑ ውጭ ይሆንና ወደ ድምፅ ማጉያው በሽቦ ይገናኛል።

ሣጥኑ የሚሠራበት ምክንያት የሚክ መጋረጃ ለምን እንዳልበቃም ያስረዳል። ድምፅን የሚያግደው ክብደትና አየር የማያሳልፍ ግጥግጥ ያለ መዘጋት ነው። የግድግዳው ክብደት በእጥፍ ሲጨምር የሚያልፈው ድምፅ ቢበዛ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ጣት የማያስገባ ቀዳዳ እንኳ ይህን ልፋት ከንቱ ሊያደርገው ይችላል። መጋረጃ፣ ስፖንጅና የእንቁላል መያዣ ካርቶን ግን በክፍሉ ውስጥ የሚነጥረውን ቀጭን ድምፅ ይቀንሱ እንደሆነ እንጂ ወደ ጎረቤት የሚሄደውን አያግዱም። ወፍራም ድምፅ ይበልጥ ያስቸግራል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፣ የሞገዱም ርዝመት 8 ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ያለው ሞገድ በመጋረጃና በስስ ሰሌዳ አይቆምም። በእንጨት ወለል ላይ የተቀመጠ ድራምም ንዝረቱን በቀጥታ ወደ ታችኛው ክፍል ጣሪያ ያስተላልፋል። ሚክ ድምፆቹን እርስ በርስ መለየት ቻለ፣ ከታች ካለው ሱቅ መለየት ግን አልቻለም።

ቴልስታር

በጁላይ 10 ቀን 1962 ቴልስታር የተባለችው የመገናኛ ሳተላይት ወደ ጠፈር ተላከች። የቴሌቪዥን ሥዕል ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ አሻግራ በማስተላለፍ የመጀመሪያዋ ናት። ሚክ በዚህ ተመስጦ ዜማ ፈጠረ። ኖታ መጻፍ ስለማይችል ዜማዎቹን እያንጎራጎረ ይቀርጽና ሙዚቀኞቹ ከክሩ ሰምተው እንዲይዙት ያደርግ ነበር።

ሙዚቃውን የተጫወተው ቶርኔዶስ የተባለው ባንድ ነው። ባንዱ በዚያ ክረምት በባሕር ዳርቻ ከተማ ዘፋኙን ቢሊ ፉሪን እያጀበ ይሠራ ስለነበር፣ ለቀረጻው የነበረው ጊዜ አጭር ነበር። የባንዱ አባላት የሪትሙንና የጊታሩን ክፍል ቀርጸው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ዋናውን ዜማ ጂኦፍ ጎዳርድ ኋላ ክላቪዮሊን በተባለ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ኪቦርድ ተጫውቶ ደረበበት። ሚክ በመግቢያውና በመዝጊያው ላይ የሮኬት መነሣትን የሚያስታውስ ጉምጉምታ ጨመረ።

«ቴልስታር» በኦገስት 1962 ወጣ። በብሪታንያ ለአምስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። በዲሴምበር ወር ደግሞ በአሜሪካ አንደኛ ወጣ። ይህ ቢትልስ በአሜሪካ ከመታወቃቸው ከአንድ ዓመት በፊት ነው። ሥራው የብሪታንያ ደራስያን የሚሰጡትን የአይቮር ኖቬሎ ሽልማት አገኘ።

ሚክ ግን የድርሰት ክፍያውን በሕይወት ሳለ አላገኘም። ዣን ለድሩ የተባለ ፈረንሳዊ አቀናባሪ ዜማው «አውስተርሊትስ» ለተባለው የ1960 ፊልም ከሠራው ሙዚቃ ተወስዷል ብሎ ከሰሰ። ክሱ እልባት እስኪያገኝ ድረስ ክፍያው ታገደ። ጉዳዩ ሚክን ነፃ በሚያደርግ መንገድ የተቋጨው ከሞተ በኋላ ነው።

ጩኸቱና አከራዮቹ

የሼንተን ቤተሰብ ሱቅ ደንበኛ የሚያስተናግደው ቀን ላይ ነው። ሚክም ባንዶችን የሚቀርጸው በአብዛኛው ቀን ላይ ነበር። ከላይ ድራም ሲመታ፣ ሙዚቀኞች ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ፣ አንድ ዘፈን ደግመው ደጋግመው ሲጫወቱ ድምፁ ሁሉ ወደ ሱቁ ይወርዳል። ወይዘሮ ቫዮሌት ሼንተን ሲብስባቸው የመጥረጊያ እንጨት አንሥተው ጣሪያውን ይመቱ ነበር። ሚክም በዚህ ተናዶ ድምፅ ማጉያ ወደ ደረጃው አውጥቶ ይባስ ከፍ አድርጎ ይከፍተው ነበር። ያም ሆኖ ወይዘሮ ሼንተን ለዓመታት ታግሠውት ኖረዋል።

በ1964 የተቀረጸው የሃኒኮምብስ ባንድ «ሃቭ አይ ዘ ራይት» ከቤቱ ሥራዎች ሁሉ ጩኸቱ የበረታ ሳይሆን አይቀርም። ሚክ የድራሙ ምት እንዲጠነክር ፈልጎ፣ የባንዱን አባላት በእንጨቱ ደረጃ ላይ አቁሞ በእግራቸው እንዲረግጡ አደረገ። አምስት ማይክሮፎኖችን ብስክሌት ነጂዎች የሱሪያቸውን ጫፍ በሚይዙበት መቆንጠጫ ከደረጃው መደገፊያ ጋር አሰረ። ከዚህ ቀደም ችግር የነበረው የደረጃው ንዝረት በዚህ ዘፈን ራሱ የሙዚቃ መሣሪያ ሆነ። ዘፈኑ በብሪታንያ አንደኛ፣ በአሜሪካ አምስተኛ ወጣ። ሚክ ከዚያ በኋላ አንደኛ የወጣ ሥራ አልነበረውም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ከ1964 ጀምሮ የወጣቱ ምርጫ ወደ ቢትልስና መሰሎቻቸው አዘነበለ። እነዚህ ባንዶች የራሳቸውን ዘፈን የሚደርሱ ነበሩ። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎችም ሚክ ቀድሞ ይወቀስባቸው የነበሩትን ዘዴዎች መጠቀም ጀመሩ፣ ብዙ መስመር ያላቸውን ቴፕ ሪከርደሮችም ገዙ። የሚክ ገቢ እየቀነሰ፣ ዕዳው እየበዛ ሄደ። የክራይን ሼምስ ባንድ በ1966 የተጫወተው «ፕሊዝ ስቴይ» በሰንጠረዡ 26ኛ ደረጃ ደርሷል።

የግል ሕይወቱም በፍርሃት የተሞላ ነበር። በወንዶች መካከል የሚደረግ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በዘመኑ በእንግሊዝ በሕግ ያስቀጣ ነበር። ሚክ በ1963 በዚህ ነክ ጉዳይ ተከስሶ 15 ፓውንድ ተቀጣ። ዜናው በጋዜጣ ስለወጣ፣ ምስጢሩን ይዘው ገንዘብ ለሚጠይቁት አስፈራሪዎች ተጋለጠ። ሕጉ የተለወጠው ሚክ በሞተ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በጁላይ 1967 ነው።

ሚክ በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ይሠቃይ ነበር። የሚያነቁና የሚያስተኙ መድኃኒቶችንም አዘውትሮ ይወስድ ነበር። ታላላቅ ድርጅቶች የሥራ ምስጢሩን ለመስረቅ በቤቱ ውስጥ የማዳመጫ መሣሪያ እንደቀበሩ ያምን ነበር። ከሙታን ጋር መነጋገር ይቻላል ብሎም ያምን ስለነበር፣ ድምፃቸውን ለመቅረጽ ቴፕ ሪከርደር ይዞ ወደ መቃብር ቦታ ይሄድ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ልቡን የሳበው በፌብሩዋሪ 3 ቀን 1959 በአውሮፕላን አደጋ የሞተው አሜሪካዊ ዘፋኝ በዲ ሆሊ ነበር። አብረውት የሠሩ ብዙዎች በእነዚህ ዓመታት ቀስ በቀስ ራቁት።

አሟሟቱ

በፌብሩዋሪ 3 ቀን 1967፣ በዲ ሆሊ በሞተ በስምንተኛው ዓመት፣ ወይዘሮ ሼንተን ወደ ሚክ ቤት ወጡ። በመካከላቸው የቃላት ግጭት ተነሣ። ሚክ በቤቱ በነበረ የአደን ጠመንጃ ወይዘሮ ሼንተንን ተኩሶ ገደላቸው፣ ወዲያውም ራሱን አጠፋ። ጠመንጃው የቀድሞው የቶርኔዶስ ቤዝ ጊታር ተጫዋች የሃይንዝ በርት ነበር። ሚክ ሲሞት 37 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው በትውልድ ከተማው በኒውንት ነው።

ስለ ሚክ በተጻፉ በርካታ ታሪኮች ውስጥ ወይዘሮ ሼንተን የሚነሡት በመጥረጊያ እንጨታቸው ነው። ነገር ግን እሳቸው ስድስት ዓመት ተኩል ያህል ከስቱዲዮው በታች የሠሩ፣ ለተከራያቸው ረጅም ትዕግሥት ያሳዩና በዚያ ቤት ውስጥ ያለ ጥፋታቸው የተገደሉ ሴት ነበሩ።

ትቶት ያለፈው ሥራ

ሚክ ሲሞት በቤቱ ከ1,800 በላይ የድምፅ ክሮች ተገኙ። ክሮቹን በ300 ፓውንድ የገዛው ክሊፍ ኩፐር ነው። ኩፐር ሚክ ከቀረጻቸው ባንዶች በአንዱ ውስጥ የተጫወተ ሙዚቀኛ ሲሆን፣ በ1968 ኦሬንጅ የተባለውን የጊታር አምፕሊፋየር ድርጅት አቋቋመ። ክሮቹ በሻይ ቅጠል ማጓጓዣ የእንጨት ሣጥኖች ተጭነው ከቤቱ ስለወጡ «የሻይ ሣጥን ክሮች» ተብለው ይታወቃሉ። ከነሱ መካከል ኋላ ታዋቂ የሆነው ቶም ጆንስ ገና ሳይታወቅ የተቀረጸባቸው ይገኙበታል። ለአሥርተ ዓመታት ተዘግተው ከቆዩ በኋላ፣ በ2020 ቼሪ ሬድ የተባለው አሳታሚ ገዝቷቸው ወደ ዲጂታል የመገልበጡ ሥራ ተጀመረ።

በሚክ ቤት ከተቀረጹት ወጣት ሙዚቀኞች አንዳንዶቹ ኋላ ዓለም አቀፍ ዝና አግኝተዋል። በአውትሎውስ ባንድ ይጫወት የነበረው ጊታሪስቱ ሪቺ ብላክሞር በኋላ የዲፕ ፐርፕል መሥራች አባል ሆኗል። በሚክ ቤት በአጃቢ ድምፃዊነት ይሠራ የነበረው ቴድ ፍሌቸር በ1990ዎቹ በሚክ ስም የሚጠራ የኮምፕሬሰር መሣሪያ ሠርቶ ለገበያ አቅርቧል። የሕይወት ታሪኩ በ2005 ለመድረክ ተውኔት፣ ቀጥሎም «ቴልስታር» በሚል ርእስ ለፊልም በቅቷል።

ማይክሮፎን ማስጠጋት፣ ቤዝን በቀጥታ በሽቦ መቅረጽና መሣሪያዎችን ለያይቶ ማቀናበር ዛሬ በማንኛውም ስቱዲዮ የተለመዱ ናቸው። በመኖሪያ ቤት ሙሉ ዘፈን መቅረጽም እንደዚሁ ተራ ነገር ሆኗል። በሆሎዌይ ጎዳና ቁጥር 304 ግድግዳ ላይ ሚክ በዚያ መኖሩን፣ መሥራቱንና መሞቱን የሚገልጽ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተሰቅሏል። በሰሌዳው ላይ የወይዘሮ ሼንተን ስም የለም።